ግሩፕ ቢን የገደለው ፍጥነቱ ነው ወይስ ደንቡ?

ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ የአውቶሞቲቭ መምህር ነኝ። ባለፈው ዓርብ ከሥራ በኋላ ከባልደረቦቼ ጋር ሻይ ቤት ተቀምጠን ሳለ፣ ከአይሱዙ ፍሬን የተነሣው ወሬ እየተሳበ ሄዶ በ1980ዎቹ የዓለም ራሊ ሻምፒዮና ላይ ይወዳደሩ ስለነበሩትና ግሩፕ ቢ ስለሚባሉት መኪኖች ክርክር ላይ ጣለን። (ዓመታቱን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ እናንተም እንዲሁ ብታደርጉ አንደናገርም።)

አንደኛው ባልደረባዬ ምድቡ በ1986 መጨረሻ የተዘጋው መኪኖቹ ከሰው አቅም በላይ ስለፈጠኑ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም ብሎ ድርቅ አለ። ሁለተኛው ደግሞ ፍጥነት ሰበብ እንጂ ምክንያት አይደለም፣ ነገሩ የፌዴሬሽኑና የፋብሪካዎቹ ሽኩቻ ነው ባይ ነው። እኔ መሐል ተቀምጬ ለሁለቱም የሚበቃ መልስ አጣሁ። ሞተር ፈትቶ መግጠም ሥራዬ ቢሆንም የዚህን ምድብ ታሪክ የማውቀው በቁርጥራጭ ብቻ ነው።

ስለዚህ የምታውቁ ብታስረዱኝ፦ ምድቡ ከፊቱ ከነበረው በምን ተለይቶ ተፈጠረ? የታገደበትስ እውነተኛ ምክንያት ምንድን ነው? ሦስተኛው ጥያቄ የአባቴ ነው። አባቴ ከአሰብ እስከ ኮምቦልቻ ለብዙ ዓመታት ኤንትሬ የነዳ ሰው ሲሆን፣ አራቱም ጎማው የሚጎትት መኪና የማይወጣው ቦታ የለም ብሎ ያምናል። ታዲያ ኦዲ አራቱን ጎማ ያስጎተተ የመጀመሪያው የራሊ ኃያል ሆኖ ሳለ፣ ጎረቤታችን ኬንያ በሚካሄደው ሳፋሪ ራሊ ላይ በኋላ ጎማዋ ብቻ የምትገፋ ቶዮታ እንዴት ደጋግማ አሸነፈች?

የሸዋበር መካኒክ (ደሴ)

መምህር፣ የመጀመሪያው ጥያቄዎ በደንብ ከተመለሰ የቀሩት ሁለቱ ግማሽ መንገድ ይቀልላቸዋል ብዬ ስለማምን እሱ ላይ ቆየት ልበል።

ከግሩፕ ቢ በፊት የራሊው ትልቁ ምድብ ግሩፕ 4 ይባል ነበር። አንድ ፋብሪካ መኪናውን በዚያ ምድብ ለማስመዝገብ ተመሳሳይ የሆኑ 400 መኪኖችን ሠርቶ ማሳየት ነበረበት። ቤተሰብ ስትጭን የምናውቃት ፊያት 131 እንኳ በውድድር ክፍሉ በአባርት ባለሙያዎች እጅ ታድሳ በ1977፣ በ1978 እና በ1980 የፋብሪካዎችን ዋንጫ የወሰደችው በዚሁ ምድብ ነው። በ1982 ግን የዓለም አቀፉ የሞተር ስፖርት የበላይ የነበረው ፊሳ የቀድሞዎቹን ምድቦች ሽሮ ኤን፣ ኤ እና ቢ የተባሉትን አወጣ። ግሩፕ ኤ በ12 ወር ውስጥ 5,000 መኪና መሠራትን ሲጠይቅ፣ ግሩፕ ቢ የጠየቀው 200 ብቻ ነበር። ከዚህም አልፎ 200ውን ሠርቶ የጨረሰ ፋብሪካ፣ 20 መኪና ብቻ ጨምሮ ኢቮሉሽን የሚባል የተሻሻለ ዓይነት ማስመዝገብ ይፈቀድለት ነበር።

የነገሩ ሁሉ መክፈቻ ያለው በዚህች 20 ቁጥር ውስጥ ነው። 5,000 መኪና የሚሠራ ፋብሪካ መለዋወጫውን፣ ዋጋውን፣ እንደ እኔ ያለ ጋራዥ ውስጥ እንዴት እንደሚፈታ ሁሉ ማሰብ ግድ ይለዋል፤ መኪናው የሚሸጥ ዕቃ ነውና። 20 መኪና የሚሠራ ግን ገዢ የሚባል ነገር በሐሳቡም አይመጣም። የሚያስበው ስለ ሰዓት ቆጣሪው ነው። ደንቡ ደግሞ የሞተሩን ስፋትና የመኪናውን ዝቅተኛ ክብደት በሠንጠረዥ አያያዘ እንጂ ቱርቦው ምን ያህል አየር ይግፋ በሚለው ላይ ልጓም አላደረገም። የበሩን መዝጊያ ቆልፎ መስኮቱን ክፍት እንደመተው ነው።

ኦዲ ኳትሮ ወደ ራሊው የገባችው በ1981 ሲሆን በ1982 የፋብሪካዎችን ዋንጫ ወሰደች። በዚያ ዓመት የአሽከርካሪዎቹን ዋንጫ የወሰደው ግን በኋላ ጎማ ብቻ የምትገፋ ኦፔል አስኮና የነዳው ጀርመናዊ ቫልተር ሮርል ነው። በ1983 የጣሊያኑ ፋብሪካ ላንቺያ 037 የተባለች፣ ሞተሯ ከመቀመጫው ጀርባ የተቀመጠና አሁንም በኋላ ጎማ ብቻ የምትገፋ ቀላል መኪና አምጥቶ የፋብሪካውን ዋንጫ ከኦዲ ነጠቀ። ከዚያ ወዲህ በሁለት የኋላ ጎማ ብቻ የምትገፋ መኪና ያንን ዋንጫ አግኝታ አታውቅም። አባትዎ ይህን ቢሰሙ ደስ ይላቸዋል፤ እምነታቸው ከ1984 ጀምሮ ልክ ሆኗል ማለት ነው። በዚያ ዓመት ኦዲ ሁለቱንም ዋንጫዎች ወሰደች፤ አሽከርካሪው ስዊድናዊው ስቲግ ብሎምክቪስት ነበር።

በዚያው በ1984፣ በኮርሲካ ደሴት ራሊ ላይ ፔጆ 205 ቲ16 ብቅ አለች። ከሩቅ ሲያዩዋት ሰው ገበያ የሚሄድባት ትንሿ ፔጆ ትመስላለች፤ የኋላ አካሏ ወደ ላይ ሲነሣ ግን ሞተሩ ከመቀመጫው ጀርባ በጎን ተጋድሞ፣ ቱርቦውና ቧንቧው ተጠላልፎ፣ ኃይሉ ለአራቱም ጎማ ሲከፋፈል ይታያል። የ1985 እና የ1986 ዋንጫዎች የእሷ ሆኑ፤ በ1985 ቲሞ ሳሎነን፣ በ1986 ዩሃ ካንኩነን ነዷት። ሁለቱም ፊንላንዳውያን ናቸው።

ምድቡ ሲጀምር 300 የፈረስ ጉልበት አካባቢ ያለው መኪና ጥሩ ተወዳዳሪ ነበር። በአራት ዓመት ውስጥ ቁጥሩ ወደ 500 ተጠጋ፤ የአንዳንዶቹ መኪኖች ክብደት ግን አንድ ቶን አይሞላም ነበር። እኔ በ40 ዓመት የጋራዥ ሥራዬ እንዲህ ያለ ጭማሪ በአንድም መኪና ላይ አይቼ አላውቅም። የባልደረቦችዎን ክርክር በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው፤ መኪኖቹ የፈጠኑት ደንቡ እንዲፈጥኑ ስለፈቀደላቸው ነውና የገደላቸው ደንቡ ነው።

ሦስተኛ ማርሽ

ጋሼ፣ የጻፉትን ሁለቴ አነበብኩት። እኔ የጭነት መኪና ሾፌር ስሆን በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሐረጎን እወጣለሁ። ጭነት ይዤ ኩርባው ላይ ስደርስ ትንሽ ከዘገየሁና የሞተሩ ዙር ከወረደ ቱርቦው ይተኛል፤ ነዳጅ ብረግጥም መኪናው ጥቁር ጭስ ይተፋል እንጂ አይነቃነቅም። እስኪነቃ ድረስ ከኋላ ያለው ሚኒባስ ጥሩምባውን ይነፋብኛል። ከነቃ በኋላ ደግሞ ጉልበቱ በአንድ ጊዜ ይመጣል። እኔ የማወራው ስለ ጭነት መኪና ነው። እነዚያ ሰዎች 500 የፈረስ ጉልበት በአንድ ጊዜ ኩርባ መሐል ላይ ሲመጣባቸው ምን ያደርጉ ነበር? ያ ብቻውን ለሞት አያበቃም ወይ?

የሐይቅ ዳሯ

ወንድም ሦስተኛ ማርሽ፣ የጠየቁት የዚያን ዘመን መሐንዲሶች ሁሉ እንቅልፍ የነሣቸውን ጥያቄ ነው። መካኒካል ምሕንድስና በተማርኩበት ጊዜ የመመረቂያ ሥራዬ ስለ ቱርቦ ስለነበረ ትንሽ ልጨምርበት።

የቱርቦ ጎማ የሚዞረው በጭስ ማውጫው ግፊት ሲሆን፣ ሙሉ ኃይሉን የሚሰጠው በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ሲሽከረከር ነው። እግር ከነዳጁ ላይ ሲነሣ ጭሱ ያንሳል፣ ዙሩ ይወርዳል፣ እንደገና ለመነሣት ጊዜ ይፈልጋል። አሽከርካሪዎቹ ያገኙት መላ በቀኝ እግር ነዳጁን ሳይለቁ በግራ እግር ፍሬን መርገጥ ነበር፤ መኪናው ይቀንሳል፣ ቱርቦው ግን አይተኛም። (ሐረጎ ላይ እንዳይሞክሩት አደራ።) የመሐንዲሶቹ መላ ደግሞ የተለያየ ነበር። ላንቺያ በ1985 መጨረሻ ባወጣት ዴልታ ኤስ4 ላይ ሁለት የአየር መግፊያ ገጠመ፤ ዙሩ ዝቅ ሲል በሞተሩ ራሱ የሚዞረው ሱፐርቻርጀር ይገፋል፣ ዙሩ ከፍ ሲል ቱርቦው ይረከበዋል። እንግሊዞቹ በኤምጂ ሜትሮ 6አር4 ላይ የወሰዱት መንገድ ተቃራኒ ነው። ቱርቦ የሚባለውን ነገር ጭራሽ ትተው ሦስት ሊትር የሚጠጋ ባለ ስድስት ፒስተን ሞተር ከመቀመጫው ጀርባ አስቀመጡ። ለእግር የሚታዘዝ ሞተር ነበር፤ በጉልበት ግን ቱርቦዎቹን አልደረሰባቸውም።

ጋሼ የጠቀሱት ሠንጠረዥም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ቱርቦ ወይም ሱፐርቻርጀር ያለው ሞተር ስፋቱ በ1.4 ተባዝቶ ነበር የሚመደበው። የዴልታ ኤስ4 ሞተር 1,759 ሲሲ ነው፤ በ1.4 ሲባዛ 2,462.6 ይሆናል። የፔጆዋ 1,775 ሲሆን ሲባዛ 2,485 ይመጣል። ሁለቱም ከ2,500 በታች ስለሆኑ 890 ኪሎ ግራም ድረስ መቅለል ይፈቀድላቸው ነበር፤ ከ2,500 አልፎ እስከ 3,000 ያለው ግን ቢያንስ 960 መመዘን ነበረበት። እንግዲህ እነዚያ ያልተለመዱ የሞተር መጠኖች ከየት እንደመጡ ይኸው ነው፤ መሐንዲሱ ሞተሩን የሚሠራው የካልኩሌተሩን መልስ እያየ ነበር።

ከፍታ ላይ ደግሞ የቱርቦ ጥቅሙ ጎልቶ ይታያል። አሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ ፓይክስ ፒክ የሚባል፣ 20 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ርዝመትና 156 ኩርባ ያለው የዳገት ውድድር አለ፤ መጨረሻው ከባሕር ወለል በላይ 4,300 ሜትር ይደርሳል። ርዝመቱ ከኮምቦልቻ ደሴ ብዙም አይለይም፤ መነሻው ግን ከደሴ አናት በላይ ነው። በ1985 ያንን ዳገት በኦዲ ስፖርት ኳትሮ ያሸነፈችው ፈረንሳዊቷ ሚሼል ሙቶን ናት። ይህቺው ሴት በ1981 ጣሊያን ውስጥ ሳንሬሞ ላይ የዓለም ሻምፒዮና ራሊ ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ስትሆን፣ በ1982 ሦስት ራሊ አሸንፋ ዋንጫው ለጥቂት አመለጣት። በክርክሩ መሐል ስሟ ሳይነሣ እንዳይቀር ብዬ ነው።

አሁን ወደ ጠቡ ልግባ፤ ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና ደንቡ ገደላቸው በሚለው ሙሉ በሙሉ አልስማማም። እ.ኤ.አ. መጋቢት 5 ቀን 1986 ፖርቱጋል ውስጥ፣ ሲንትራ አጠገብ፣ ዮአኪም ሳንቶስ የነዳት ፎርድ አርኤስ200 ተመልካቹ መሐል ገብታ ሦስት ሰው ገደለች፣ ከ30 በላይ አቆሰለች። ሰው ግን የት ነበር የቆመው? መንገዱ ላይ። በዚያ ዘመን ሕዝቡ መኪናው እስኪደርስ ድረስ አስፋልቱን ሞልቶ ይቆምና በመጨረሻዋ ሰከንድ ወደ ጎን ይከፈል ነበር፤ መኪናውን በእጁ መንካትን ጀግንነት የሚያደርገውም ሞልቶ ነበር። ታላላቆቹ አሽከርካሪዎች በዚያው ምሽት በፊርማቸው የተደገፈ መግለጫ አውጥተው ከውድድሩ የወጡት መኪናውን ፈርተው አልነበረም። እንኳን 500 የፈረስ ጉልበት፣ 150 ያለው መኪናም ቢሆን እንዲህ ያለ ሕዝብ መሐል ቢገባ ሰው ይገድላል። ተመልካቹን ከመንገድ ዳር የማራቅ ኃላፊነት የአዘጋጁና የፌዴሬሽኑ ሆኖ ሳለ፣ ያንን ማድረግ ስላቃታቸው መኪናውን መክሰስ ቀለላቸው።

የሸዋበር መካኒክ (ደሴ)

እህቴ፣ ስለ ፖርቱጋል የጻፍሽው ትክክል ነው፤ ተረትቻለሁ። ስለ ኮርሲካ ግን አልረታም።

እ.ኤ.አ. ግንቦት 2 ቀን 1986፣ ፖርቱጋል ላይ ያ ሁሉ ሰው ከተጎዳ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ፊንላንዳዊው ሄንሪ ቶይቮነንና መንገድ ነጋሪው ሰርጂዮ ክሬስቶ በዴልታ ኤስ4 ኮርሲካ ላይ እየመሩ ነበር። ቶይቮነን በዚያው ዓመት መጀመሪያ ሞንቴ ካርሎን ያሸነፈ የ29 ዓመት ወጣት ነው። የኮርሲካ ራሊ የአሥር ሺህ ኩርባዎች ራሊ ይባላል። ከእነዚያ ኩርባዎች በአንደኛው፣ ወደ ግራ በሚታጠፈው ላይ፣ መኪናዋ ከመንገድ ወጥታ ገደል ገባችና ተቃጠለች። ሁለቱም ሞቱ። በአካባቢው ተመልካች አልነበረም፤ የሕዝብ ግፊያ የለም፤ ከመንገድ ያስወጣት ምን እንደሆነም እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት አልታወቀም። ከዚያ ልክ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በዚያው ቀን፣ በዚያው ደሴት፣ አቲሊዮ ቤቴጋ የተባለ ጣሊያናዊ በላንቺያ 037 ሞቶ ነበር።

አሁን መካኒክ ሆኜ ልናገር። እኛ ጋራዥ ሳልባትዮ የምንለው የነዳጅ ማጠራቀሚያ በዚያች መኪና ላይ የተቀመጠው በመቀመጫዎቹ ሥር ነበር። ለምን እዚያ ሆነ ቢባል፣ ክብደቱ መሐል ላይ እንዲያርፍና ነዳጁ ሲያልቅ የመኪናዋ ሚዛን እንዳይለወጥ ነው። አካሏ ከብረት ቧንቧ አጥንት ላይ የተለበጠ ፋይበር ነው፤ ይቀላል፣ ግን ይቃጠላል። ባለፈው ዓመት አንድ ሰው ወደ እኔ ያመጣው ፒክአፕ ነበር፤ አንድ ሌላ ጋራዥ ለረጅም መንገድ ብሎ ተጨማሪ ሳልባትዮ ከጋቢናው ጀርባ በሁለት ቀጭን ላሜራ አስሮለታል። ከሥሩ ገብቼ በእጄ ብነካው ላሜራው ተሰንጥቆ፣ የሳልባትዮው ጠርዝ የጭስ ማውጫውን ቧንቧ ሊነካ አንድ ጣት ያህል ቀርቶታል። ሰውየውን ሳልባትዮውን ካላወረድሁ ቁልፉን አልሰጥህም አልሁት፤ ተቆጣ፣ ግን አወረድነው። አንድ ተራ መካኒክ የማይፈቅደውን ነገር 20 መኪና ብቻ ሥራ የሚለው ደንብ ፈቀደው። 5,000 ተሠርቶ ለሕዝብ የሚሸጥ መኪና ቢሆን ኖሮ ሾፌሩን ከነመንገድ ነጋሪው ነዳጅ ላይ አስቀምጦ የሚሸጥ ፋብሪካ አይገኝም ነበር።

የፊሳ ፕሬዚዳንት የነበረው ፈረንሳዊው ዣን ማሪ ባሌስትር ውሳኔውን ለማሳወቅ ብዙ ቀን አልፈጀበትም። (እኛ ባሌስትራ ከምንለው ጋር ዝምድና የለውም፤ ባሌስትራ ሲጫኑት ይለጠጣል፣ ይህ ሰው አይለጠጥም ነበር።) ከ1987 ጀምሮ ግሩፕ ቢ ከዓለም ሻምፒዮና እንዲወጣ፣ ሊተካው ታስቦ የነበረውና አሥር መኪና ብቻ የሚጠይቀው ግሩፕ ኤስም እንዲሰረዝ ተደረገ። ሁለተኛው ባልደረባዎ ሽኩቻ ነው ያለው ከየት እንደመጣ እዚህ ላይ ይታያል፤ ብዙ ገንዘብ ያፈሰሰው ፔጆ እገዳውን በመቃወም ፌዴሬሽኑን ከሷል። የፔጆ ቡድን አለቃ የነበረው ዣን ቶድ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ2009፣ ራሱ የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነ። የ1986 ዋንጫም ቢሆን ያለ ጭቅጭቅ አላለፈም፤ በሳንሬሞ ራሊ ፔጆዎቹ ከውድድር ተባርረው፣ የላንቺያው ማርኩ አሌን ዋንጫውን ወስዶ ከ11 ቀን በኋላ የሳንሬሞ ውጤት በሙሉ ተሰረዘና ዋንጫው ለካንኩነን ዞረ። ሽኩቻው እውነት ነው፤ ግን ከሞቱ በኋላ የመጣ ሽኩቻ ነው።

ወደ አባትዎ ጥያቄ ልምጣ፤ ለእኔ የሚጣፍጠኝ እሱ ነው። ሳፋሪ በዚያ ዘመን እንደ ሌላው ራሊ አጭር አጭር መንገድ ተዘግቶለት የሚሮጥበት አልነበረም። በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር የሚቆጠር፣ አውቶቡስና ከብት በሚመላለስበት ክፍት መንገድ ላይ፣ ቀን ከሌት የሚኬድበት ነበር። ዝናብ ሲጥል ጭቃ፣ ሲቆም ዱቄት የመሰለ አቧራ ነው። እዚያ የሚያሸንፈው ሰከንድ የሚቆርጥ ሳይሆን ሳይሰበር የሚደርስ ነው። ቶዮታ ሴሊካ ቲሲቲ በአውሮፓ ኩርባ ላይ ከኦዲ ጋር መተናነቅ አትችልም ነበር፤ ትልቅ፣ ሞተሯ ከፊት፣ በኋላ ጎማ የምትገፋ፣ አሠራሯም ያልተወሳሰበ መኪና ናት። በ1984 ቢዮርን ቫልደጎርድ፣ በ1985 ካንኩነን፣ በ1986 እንደገና ቫልደጎርድ ሳፋሪን አሸነፉባት። አይቮሪ ኮስትንም ሦስት ጊዜ ስለወሰደች፣ አፍሪካ ውስጥ በገባችባቸው ስድስት የሻምፒዮናው ራሊዎች አንድም ጊዜ አልተረታችም። ቡድኑን ይመራ የነበረው ኡቬ አንደርሶን የተባለ ስዊድናዊ ሲሆን፣ እሱ ራሱ በ1975 ሳፋሪን ያሸነፈው በፔጆ 504 ነው። 504 እንዴት ያለች መኪና እንደሆነች ለአባትዎ መንገር አያስፈልግም።

ኦዲም ቢሆን አላፈረችም፤ በ1983 ሁለተኛና ሦስተኛ ወጥታለች፣ ሦስተኛዋ ሚሼል ሙቶን ናት። ግን አራት ጎማ የሚያስጎትት መኪና ማለት አንድ ዲፍረንሻል ሳይሆን ሦስት፣ ሁለት ሲሚያሴ (ኃይሉን ወደ ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ) ሳይሆን አራት ማለት ነው፤ የሚሰበረው ነገር ይበዛል። ላንቺያ ይህ ስለገባው ይመስለኛል በ1986 ወደ ሳፋሪ አዲሷን ዴልታ ኤስ4 ትቶ አሮጌዋን 037 የወሰደው፤ አሌንም በእሷ ሦስተኛ ወጣ።

ሦስተኛ ማርሽ

ጋሼ፣ ሲሚያሴውን በተመለከተ እጄን አነሣለሁ። ባቲ መንገድ ላይ አንዱ ተሰብሮብኝ ሁለት ሌሊት አድሬያለሁ፤ አራት ቢሆን ኖሮ እዚያው ቤት እሠራ ነበር። መኪኖቹ ግን ከታገዱ በኋላ የት ገቡ?

የሐይቅ ዳሯ

የታገዱት ከዓለም ራሊ ሻምፒዮና እንጂ ከዓለም አልነበረም። ፔጆዎቹ ወደ በረሃ ሄደው በ1987 እና በ1988 ፓሪስ ዳካርን አሸነፉ። ሮርል በ1987 ኦዲዋን ይዞ ፓይክስ ፒክን ከ11 ደቂቃ በታች ወጣው። የሜትሮው ሞተር ዝርያ ቱርቦ ተጨምሮለት ጃጓር ኤክስጄ220 ውስጥ ገባ። ዕድለ ቢሷ ሲትሮኤን ቢኤክስ 4ቲሲ ናት፤ 200 ተሠርታ ብዙም ሳትሸጥ፣ ፋብሪካው የሸጣቸውን መልሶ እየገዛ ብዙዎቹን አጠፋቸው። ራሊው ራሱ ወደ ግሩፕ ኤ ዞሮ፣ ላንቺያ በዴልታ ከ1987 እስከ 1992 ስድስቱንም ዓመት የፋብሪካዎችን ዋንጫ ወሰደ። ይህ ደግሞ ለጋሼ ክርክር የሚረዳ መሆኑን አምናለሁ፤ 5,000 የሚጠይቀው ደንብ ከሃያው በኋላም ቆሞ ተገኝቷል። ስለ ተመልካቹ የጻፍኩትን ግን አልለውጥም።

ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለአባቴ የሳፋሪውን ክፍል ሳነብላቸው ዝም ብለው ሰምተው፣ 504 ላይ ስደርስ ብቻ "እንዴታ" አሉ። ስለ ኦዲ አንድም ቃል አልተነፈሱም።

የ1.4ቱን ብዜት ማክሰኞ ዕለት ክፍል ወስጄ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩት። ተማሪዎቼ ላንቺያንና ፔጆን ካሰሉ በኋላ የፎርዷን 1,803 አባዙና 2,524.2 ሲመጣ፣ ለ24 ሲሲ ብላ 70 ኪሎ መሸከሟ አሳቃቸው። ቀጥሎ የመጀመሪያዋን ኳትሮ ሞተር 2,144 ሰጠኋቸው። 3,001.6 መጣ። ከዚያ የኋለኛዋን የስፖርት ኳትሮ 2,133 ጻፍኩ፤ 2,986.2 ሆነ። ለጥቂት ጊዜ ክፍሉ ጸጥ አለና ከኋላ ወንበር አንዷ ተማሪ እጇን አውጥታ፣ "መምህር፣ ለአንድ ነጥብ ስድስት ብለው ፒስተኑን አጠበቡት ማለት ነው?" ብላ ጠየቀችኝ።

አዎ አልኳት።